የነርስ እጥረት ባለበት አገር ነርስ ሥራ የሚያጣው ለምንድነው?

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አልጽፍም። ስለ አዲስ ተመራቂ ነርሶች ነው የምጽፈው። ነርስ ባትሆኑም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ነገሩ የእናንተንም ጤና ይነካል።

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሳቢያን የማታ ተረኛ ሆኜ አንዲት እናት በባጃጅ ይዘዋት መጡ። ፊቷ አብጧል፣ ሰውነቷ በሽፍታ ተሞልቷል፣ ትንፋሿ ያፏጫል፣ የደም ግፊቷ ወርዷል። እቤቷ ሴፍትሪያክሶን ተወግታ ነው። አድሬናሊን፣ ኦክስጅን፣ ግሉኮስ እያልን ተሯሯጥን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ይዛት የመጣችው ልጅ ግን ከታማሚዋ በላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። መርፌውን የወጋችው እሷ ናት። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ በነርስነት በዲግሪ ተመርቃለች፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፋለች፣ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አላገኘችም። ጎረቤት "ሲስተር፣ ይህቺን መርፌ ውጊልኝ" ሲላት እምቢ ማለት ከበዳት። የሚሰጧት ብር ደግሞ ማስታወቂያ ለማየት ስትወጣ የባጃጅ ትሆናታለች።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ተቆጣኋት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችኝ፦ "አቦ ዶክተር፣ ዋርድ ውስጥ አንድ ነርስ ለስንት በሽተኛ እንደሚሮጥ አንተም ታያለህ። ታዲያ እኛን ለምን አይቀጥሩንም?"

ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ቅጥር ላይ የሚሠሩ ሰዎችን፣ በተለያየ ክልል የሚሠሩ ጓደኞቼንና ነባር ሲስተሮችን ጠየቅሁ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

እጥረቱ ውሸት አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ለሕዝቧ መሠረታዊ አገልግሎት ለማዳረስ ለ1,000 ሰው በድምሩ 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ነርስ ያስፈልጋታል ይላል። ኢትዮጵያ ከዚህ ልክ በጣም ሩቅ ናት። በእኛ ከተማ እናስላው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። በዚያ ቁጥር ብቻ ብንሄድ እንኳ ከ1,500 በላይ ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ስንት እንደጨመረ ደግሞ ከተማዋን ዞር ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያ ላይ ድልጮራና ሳቢያን ሆስፒታል የሚመጣው የድሬ ሰው ብቻ አይደለም። ከምሥራቅ ሐረርጌም፣ ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞንም ይመጣል። ወረርሽኝ ሲነሳማ ታስታውሳላችሁ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲጥል፣ መገጣጠሚያውን ይዞ የማያነክስ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ የሚራባው አዲሱ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ገብቶ ተማሪዎችን አሳመመ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደም የሚቀዳው፣ ካኑላ የሚያስገባው፣ ሌሊቱን ሙቀት ሲለካ የሚያድረው ነርስ ነው።

ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነው። ሥራው አለ። ታዲያ ቅጥሩ የት ሄደ?

ቅጥርን የሚወስነው በጀት ያለው መደብ ነው

ብዙ ተመራቂ የማይነገረው እውነት ይህ ነው። ዋርዱ በበሽተኛ ስለተጨናነቀ ብቻ የመንግሥት ተቋም ነርስ አይቀጥርም። መጀመሪያ በተቋሙ መዋቅር ላይ የነርስ መደብ መኖር አለበት። ቀጥሎ ያ መደብ ክፍት መሆን አለበት። በመጨረሻ ለዚያ መደብ የዓመቱ በጀት መፈቀድ አለበት። መደቡ ኖሮ በጀት ከሌለ ወረቀት ላይ "ክፍት መደብ" ይባላል እንጂ ማስታወቂያ አይወጣበትም። ለዚህ ነው የነርስ እጥረትና ሥራ አጥ ነርስ አንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩት።

ይህ ችግር ለምን ዛሬ ባሰ? ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

1. የተመራቂው ቁጥር ከመደቡ ቀደመ። ነባር ሲስተሮች እንደሚሉት በእነሱ ጊዜ የተመረቀ ነርስ ምደባው ይጠብቀው ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በዚያ ላይ የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጆችና የግል ኮሌጆች አሉ። ኮሌጅ ለመክፈት የፈጀው ጊዜ አጭር ነበር፤ የጤና ጣቢያ በጀት ግን በዚያ ፍጥነት አላደገም።

2. የፕሮጀክት ገንዘብ ቆመ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን ሲያቋርጥ፣ በኤችአይቪ፣ በቲቢና በመሳሰሉት ፕሮጀክቶች ላይ በኮንትራት ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። እነዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ ገበያው ተመለሱ። አዲስ ተመራቂ ዛሬ የሚወዳደረው ከክፍል ጓደኛው ጋር ብቻ አይደለም፤ የአምስትና የስምንት ዓመት ልምድ ካለው ሰው ጋርም ነው።

3. የደመወዝ በጀቱ ተለጠጠ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሠራተኛ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነገር ነው፤ ከኑሮው አንጻር እሱም ያንሳል። ግን አስቡት፦ ወረዳው ያለውን ሠራተኛ በአዲሱ ስኬል ከፍሎ ሲጨርስ ለአዲስ ቅጥር የሚተርፈው ስንት ነው? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ቢሆንም ማስታወቂያው የሳሳበት አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

ክልል በክልል ስናየው

"የትም ሥራ የለም" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ገበያው በየቦታው ይለያያል።

ድሬዳዋና ሐረር፦ ሁለቱም ትንንሽ አስተዳደሮች ናቸው፤ የጤና ተቋሞቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አመልካቹ ግን ብዙ ነው። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም የግል ኮሌጆች ተመራቂዎች እዚሁ ይፈልጋሉ፤ ቤተሰብ እዚህ ስላለ ማንም መውጣት አይፈልግም። ድሬ ላይ ብቻ አንድ ማስታወቂያ ስትጠብቁ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ሆስፒታሎች ከውስጥ ገቢያቸው በኮንትራት የሚቀጥሩበት ጊዜ ስላለ እሱን ተከታተሉ። የኮንትራት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በተቋሙ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ቴሌግራም ላይ እስኪወጣ ከጠበቃችሁ ቀኑ አልፎ ታገኙታላችሁ።

ኦሮሚያ፦ በስፋቱና በሕዝቡ ብዛት ትልቁ ቀጣሪ ነው። ለእኛ ቅርቡ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ ነው። ቅጥሩ በአብዛኛው በዞንና በወረዳ ስለሚከናወን ማስታወቂያው የሚገኘው ደደር፣ ጭሮ ወይም ሐረማያ ድረስ በአካል ሄዶ ሲጠየቅ ነው። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ጭምር ይጠየቃል። የድሬ ልጅ ሆናችሁ በቁቤ መጻፍ ካልቻላችሁ ሥራ እስክታገኙ ያለውን ጊዜ ለዚህ አውሉት።

ሶማሌ፦ ሰፊ ክልል ነው፣ ሕዝቡ ተበታትኖ ይኖራል፣ አብዛኛው አርብቶ አደር ነው። ጅግጅጋ ከተማ ላይ ፉክክሩ እንደ ሌላው ከተማ ነው። ራቅ ያሉ ወረዳዎች ላይ ግን ባለሙያ ሄዶ አይቆይም። ሙቀቱ፣ የውኃው ችግር፣ የመንገዱ ርቀት ቀላል አይደለም። ሶማሊኛ የሚችል ነርስ እዚያ ትልቅ ዕድል አለው። እንደ ቀብሪበያህና ዶሎ አዶ ባሉ የስደተኛ ካምፖች አካባቢ የርዳታ ድርጅቶች ሲቀጥሩም ቋንቋው ያስቀድማል።

አፋር፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፦ ከማዕከል የራቁ ወረዳዎቻቸው ሠራተኛ ማቆየት ይቸግራቸዋል። "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደመወዙ በየወሩ ይከፈላል ወይ፣ የበረሃ አበል አለ ወይ፣ ማደሪያ ይሰጣል ወይ፣ አሁን ሰላሙ እንዴት ነው የሚለውን እዚያ ከሚሠራ ሰው ጠይቁ። ወባ ያለበት ቦታ ከሆነ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህን እንደ ሐኪም ነው የምላችሁ።

አማራና ትግራይ፦ በጦርነቱ ብዙ ጤና ተቋም ተዘርፏል፣ ፈርሷል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት ደግሞ ወረዳ ላይ መሥራትን አስቸጋሪ አድርጎታል። ፍላጎቱ በጣም ከፍተኛ ነው፤ መንገዱና በጀቱ ግን በጸጥታው ላይ ይወሰናል። እዚያ ሆነው የሚሠሩ ባልደረቦቻችንን ሳላመሰግን አላልፍም።

አዲስ አበባ፦ የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ የተሰበሰበው እዚያ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ አመልካቹም ብዙ ነው፣ "ሁለት ዓመት ልምድ" የሚለው መስመርም ብዙ ነው። ዘመድ ቤት ማረፍ ካልቻላችሁ የቤት ኪራዩ የጀማሪን ደመወዝ ይውጠዋል። አዲስ አበባ ልምድ ይዞ የሚሄዱባት ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ለዜሮ ዓመት መጀመሪያ ትከብዳለች።

ጠቅለል ሳደርገው፦ ለመኖር የሚመች ቦታ ሁሉ ለመቀጠር ይከብዳል፤ ለመኖር የሚከብድ ቦታ ላይ ደግሞ በሩ በመጠኑ ክፍት ነው። የመጀመሪያው ሥራችሁ የዕድሜ ልክ ሥራችሁ መሆን የለበትም። ከ"ዜሮ ዓመት" መስመር የምትሻገሩበት ድልድይ ይሁን።

መቼና በምን ተዘጋጅተን እንጠብቅ?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ ጸድቆ ወደ ተቋማት ሲወርድ አዳዲስ መደቦች ይለቀቃሉ። ስለዚህ ከሐምሌ ወዲህ ያሉት ወራት ነቅታችሁ የምትጠብቁበት ጊዜ ናቸው። ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ሰነድ ፍለጋ የምትሮጡት ያኔ ከሆነ አለቀ። ከአሁኑ እነዚህን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ፦

• ቴምፖ ወይም ዋናው ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ። የወጪ መጋራት ጉዳይ ካለ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጨርሱ።
• የመውጫ ፈተናና የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ውጤት። የደረጃ ተመራቂ ከሆናችሁ ሲኦሲ።
• የታደሰ የሙያ ፈቃድ። ይህ ሳይኖር በሽተኛ መንካት በሕግ ያስጠይቃል።
• መታወቂያ፣ እንዲሁም ተያዥ የሚጠይቅ ተቋም ስለማይጠፋ ዋስ የሚሆናችሁ ሰው።
• ሁሉም ሰነድ በስልካችሁ በግልጽ ስካን ተደርጎ።

ማስታወቂያ ለማየት አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ጋዜጣን፣ ኢትዮጆብስን፣ የየክልሉን ጤና ቢሮ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ተከታተሉ። "ገንዘብ ላክና ስምህን አስገባለሁ" የሚል ቻናል ካያችሁ ግን ወዲያው ውጡ። ለመቀጠር ገንዘብ አይከፈልም።

የግል ክሊኒክና "በነፃ ሥሪ" ጉዳይ

"ለስድስት ወር በነፃ አገልግሉና እናያለን" የሚባሉ ልጆች በየጊዜው ይጽፉልኛል። እኔም ተመርቄ ሥራ ስፈልግ "ለልምድ ነው" ተብዬ ያለ ክፍያ የማታ ዲዩቲ የገባሁበት ጊዜ ስለነበር ስሜቱን አውቀዋለሁ። ልምድ ይሰጣል፣ አልክድም። ግን ሕጉን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ አለው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይህን ወረቀት ያዙ፤ ነገ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስትጠይቁ "አናውቅሽም" እንዳትባሉ።

በነፃ ለመሥራት ከወሰናችሁም ገደብ አስቀምጡ። ከመግባታችሁ በፊት ስንት ወር እንደሆነ፣ በማን ሥር እንደምትሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ምን ደብዳቤ እንደሚሰጣችሁ ይነገራችሁ።

ውጭ አገር ለሚያስቡ

ይህ ሕልም ነውር የለውም። ዓለም ነርስ ይፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 5.9 ሚሊዮን ነርስ እንደሚጎድል ተናግሯል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙውን ጊዜ የፕሮሜትሪክ ፈተና፣ በዳታፍሎው የሚደረግ የሰነድ ማጣራትና የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ እዚህም የመጀመሪያው እርምጃ አገር ውስጥ ልምድ ማግኘት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት ይከብዳቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ናት። እንግሊዝ ከእነዚህ አገሮች ኤጀንሲ ልኮ ነርስ መመልመልን ከልክላለች። ሰው በራሱ ማመልከት ይችላል። ነገር ግን "ለእንግሊዝ ነርስ እየመለመልን ነው፣ ቅድሚያ ክፈሉ" የሚል ሰው ከመጣ ተጠራጠሩት። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛና የጉዞ ወጪ የአሠሪው ነው። የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሳታረጋግጡ ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ።

አሁን ወደ ጤናችሁ

ሥራ ማጣት በሽታ አይደለም፤ ግን ያሳምማል። ክሊኒክ መጥተው "ጨጓራዬ ነው፣ ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም" ከሚሉኝ ወጣቶች መካከል ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ አሉ። እናት አባት ለፍተው ያስተማሩት ልጅ ቤት ሲቀመጥ የሚሰማው እፍረት ከባድ ነው። ቀኑን እንዲሁ ለማሳለፍ ከሰዓት በርጫ ላይ መቀመጥ ይጀመራል። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ማታ አልነጋ ይላል፣ ጠዋት መነሳት ያቅታል፣ ማስታወቂያው ያልፋል። በድሬ ልጆች ላይ ይህን ዑደት ደጋግሜ አይቸዋለሁ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከከፋችሁ፣ የምትወዱት ነገር ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ራሳችሁን ዋጋ ቢስ አድርጋችሁ ካያችሁ ድብርት ሊሆን ይችላል። ይታከማል። መኖር ካስጠላችሁ ወይም ራሳችሁን ለመጉዳት ካሰባችሁ ቀን አትቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ጤና ተቋም ሂዱ። ነርስ ስለሆንክ አትታመምም ያለ የለም።

ወላጆችም አደራ። "የእገሌ ልጅ ተቀጠረ፣ አንቺስ?" የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት።

ስለ ቤት ለቤት መርፌ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ፈቃድ ያለው ተቋም ሳይኖር፣ አድሬናሊንና ኦክስጅን ሳይኖር አንቲባዮቲክ መውጋት ሰው ሊገድል ይችላል። ያን ማታ ባጃጁ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ የሁለት ልጆች እናት ትሞት፣ አንዲት ወጣት ነርስም ታሰር ነበር። እናንተም ጎረቤቶች፣ ሥራ የሌላትን ልጅ በመርፌ ገንዘብ አትርዷት። መርዳት ከፈለጋችሁ ማስታወቂያ ስታዩ ደውሉላት፣ የማመልከቻ ትራንስፖርቷን ሸፍኑላት።

ልጅቷስ?

ከዚያ ማታ በኋላ መርፌ መውጋቱን ተወችው። ከኔ ጋር ቁጭ ብለን ሲቪዋን አስተካከልን፣ ሰነዶቿን ስካን አደረግን። ከድሬ አልወጣም የሚለውን ነገር ከእናቷ ጋር ተነጋግራ ተወችው። ሶማሊኛ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጎረቤት ትሰማ ስለነበር በሲቲ ዞን ያለ ጤና ጣቢያ ላይ የስድስት ወር ኮንትራት አገኘች። ቋሚ አይደለም። ሙቀቱም ከድሬ ይብሳል አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር፦ "ዶክተር፣ ዛሬ ብቻ ሰባ ሕፃን ከተብን!"

ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ እሷ ጋ ነው። መንግሥት መደብ መክፈት፣ በጀት መመደብ፣ ራቅ ያለ ቦታ ለሚሠራ ባለሙያ ማደሪያና በቂ አበል መስጠት አለበት፤ ይህ የተመራቂው ጥፋት አይደለም። ያ እስኪሆን ድረስ ግን የተማራችሁት እጃችሁ ላይ እንዳይዝግ የመጀመሪያዋን በር የምታገኙበት ቦታ ሂዱ።

በእናንተ አካባቢ የነርስ ቅጥር እንዴት ነው? ማስታወቂያ የምታውቁ ጻፉልን፣ ሌላው ይጠቀምበታል። ሥራ እየፈለገ ላለ ነርስ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና ቤተሰብ!